የቤካምን አጥንት ያወቀ ደጋፊ የራሱን ተረከዝ አላወቀም

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2002 ምሽት ማንቸስተር ዩናይትድ ኦልድትራፎርድ ላይ ከዲፖርቲቮ ላኮሩኛ ጋር ሲጫወት ዴቪድ ቤካም ግራ እግሩን ተመታ። በማግስቱ የአዲስ አበባ ሻይ ቤት ሁሉ የአጥንት ሐኪም ሞልቶት ዋለ። «ሜታታርሳል» የምትባለው ቃል ከየት መጣች ሳይባል የሰፈር ቋንቋ ሆነች። ስንተኛው አጥንት ነው? በስንት ሳምንት ይገጥማል? ለጃፓንና ኮሪያው የዓለም ዋንጫ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? በዚህ ያልተከራከረ ደጋፊ አልነበረም። በ2006 ደግሞ ዋይኒ ሩኒ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ የቀኝ እግሩ አጥንት ሲሰበር ትምህርቱ ተከለሰ፤ ደጋፊውም ተመረቀ።

ምን ያደርጋል! ያ ሁሉ ዕውቀት ለቤካምና ለሩኒ እግር እንጂ ለባለቤቱ እግር አልሆነም።

ያኔ ይከራከር የነበረው ወጣት ዛሬ ጎልማሳ ነው። ቦርጩን ለማጥፋት፣ አለዚያም ለታላቁ ሩጫ ለመዘጋጀት በማለዳ ተነስቶ አስፋልቱን ይወቅጠዋል። እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ወርዶ እግሩን መሬት ሲያስነካ ግን ተረከዙ ሥር ሚስማር የረገጠ ያህል ይወጋዋል። ሕመሙ ከተረከዙ ተነስቶ ወደ ጎድጓዳው የውስጥ እግሩ ይዘልቃል። እያነከሰ መታጠቢያ ቤት ይደርሳል። ቁርሱን በልቶ እስኪጨርስ ይለቀዋል። «ያልፋል» ይላል፤ ጫማውን አስሮ ይወጣል። ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሲሞቅ የሚለቅ ሕመም

ተረከዝን ከጣቶች ሥር ጋር የሚያገናኝ ወፍራም ማሰሪያ አለ። ሐኪሞች ፕላንታር ፋሻ ይሉታል። የውስጥ እግርን ቅስት እንደ ደጋን አውታር ወጥሮ የያዘው እሱ ነው። 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ከ8 ሺህ እስከ 10 ሺህ ጊዜ ይረግጣል፤ ለአንድ እግር ከ4 ሺህ እስከ 5 ሺህ ማለት ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ እግሩ ላይ የሚያርፈው የሰውነቱ ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ በየእርምጃው አንዳንዴ ሁለት ኩንታል ያህል ይጭንበታል።

ማሰሪያው ይህን ይችላል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። የማይችለው ድንገተኛ ጭማሪን ነው። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ ውድድሩ አንድ ወር ሲቀረው በየቀኑ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ያስጨንቀዋል። ባቱ የተሳሰረ፣ ክብደቱ የጨመረ፣ ሥራው ቀኑን ሙሉ የሚያስቆመው ሰው ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል። ሌሊት እግር ሲያርፍ ማሰሪያው ይኮማተራል፤ ጠዋት በአንዴ ሲወጠር ይወጋል፤ ትንሽ ሲራመዱበት ይላላል። «ሲሞቅ ይለቃል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ መልቀቅና መዳን አንድ አይደሉም። ማታ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲነሳ ያው ሚስማር ይመለሳል።

የአበበ ሦስተኛው ምዕራፍ

እንዲህ ያለው ሯጭ «ትንሽ እረፍ» ሲባል አፉ ላይ የተዘጋጀ መልስ አለችው፤ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው?»

አዎ፣ በባዶ እግሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በ2:15:16 ጨርሶ ወርቅ አምጥቷል። ግን የአበበ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ መሬት የለመደ፣ ልምምዱንም በባዶው የሠራ እግር ነበር። አዲስ ጫማ ስላልተመቸው የለመደውን መረጠ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ያው አበበ ጫማ አድርጎ 2:12:12 በመሮጥ ክብረ ወሰን ሰበረ። ትምህርቱ እንግዲህ ጫማ መጣል አይደለም፤ እግርን ያልለመደውን በአንዴ አለመጫን ነው። ልጅነቱን በሸራ ጫማ፣ ጉልምስናውን በቢሮ ወንበር ያሳለፈ ሰው የአበበን ስም እንጂ የአበበን እግር አልወረሰም።

ደግሞም የአበበ ታሪክ ሦስተኛ ምዕራፍ አለው፤ እሱ ግን በሻይ ቤት አይነሳም። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ እግሩን ታሞ የገባው አበበ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ሩጫውን አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ቀጠለ፤ ወርቁም አገሩ ገባ። ለመሆኑ በዚያ ቀን አበበን ፈሪ ያለው ማን ነው?

ሁለተኛዋ የክርክር መሣሪያ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። በ2000 ሲድኒ ላይ አኪለስ ጅማቱን እያመመው ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ወርቁን ሲወስድ ያላለቀሰ የለም። «አየህ ጽናት!» ይባላል። ቀጥሎ የመጣው ግን ይዘለላል። ኃይሌ ከሲድኒ በኋላ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ከ1993 ጀምሮ አራት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈበትን የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮንነት በ2001 ኤድመንተን ላይ አጥቶ ሦስተኛ ወጣ። በ2004 አቴንስ ላይም ያው ጅማት ዝግጅቱን አውኮበት አምስተኛ ሆነ። አኪለስና የውስጥ እግሩ ማሰሪያ ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ያንኑ የተረከዝ አጥንት ይጎትታሉ።

ኃይሌ ዋጋውን የከፈለው ለኦሊምፒክ ወርቅ ነው። የሰፈሩን ሯጭ የሚጠብቀው ቲሸርትና የጓደኞች ጭብጨባ ነው። ለቲሸርት አንድ ዓመት ማነከስ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው?

ራሱን የሚቀይር አሰልጣኝ

ነገሩን ከኳስ ሜዳ በላይ የሚያስረዳ የለም። ተጫዋች እግሩን ይዞ ሲቀመጥ ወጌሻ ይገባል፣ ካልሆነለት ቁጥሩ ይነሳል፣ ተቀያሪው ይገባል። ደጋፊው ያጨበጭባል እንጂ ፈሪ አይለውም። እንዲያውም ያልዳነ ተጫዋች ያስገባ አሰልጣኝ ነው የሚሰደበው። ሩኒ በ2006 ከጉዳቱ በጥድፊያ ተመልሶ ጀርመን ገባ፤ አንድም ጎል ሳያገባ በቀይ ካርድ ሲወጣ «መች ዳነና!» ያለው ይኸው ደጋፊ ነው። የጠዋት ሯጭ ግን አሰልጣኙም፣ ወጌሻውም፣ ደጋፊውም ራሱ ነው። ቁጥሩን የሚያነሳለት የለም። ራሱ ካላነሳው ሕመሙ ያነሳዋል።

መቀየር ሲባል አልጋ ላይ መዋል አይደለም። ርቀቱን በግማሽ መቀነስ፣ ዳገትና ፍጥነትን ለጊዜው መተው፣ በመካከሉ ብስክሌት ወይም ዋና ማስገባት ነው። መለኪያውም ያለ መሣሪያ ይገኛል፤ የማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያዋ እርምጃ። ከትናንቱ የባሰች ከሆነ የትናንቱ ሩጫ በዝቷል፤ ካልባሰች መንገዱ ትክክል ነው።

ቀሪው ሕክምና እንደሚታሰበው ኪስ አይጎዳም። ከአልጋ ሳይወርዱ የእግር ጣቶችን ወደ ላይ ስቦ ለ10 ሰከንድ መያዝ፣ ይህንንም 10 ጊዜ መድገም ሚስማሯን ያደነዝዛታል። በሃይላንድ ላስቲክ ውሃ አቀዝቅዞ ውስጥ እግርን በላዩ ማንከባለል ያስታግሳል። ዋናው ግን ማጠንከሩ ነው። ፎጣ ጠቅልሎ ጣቶች ሥር ማድረግ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማንሳትና ማውረድ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። በ2014 የወጣ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ጥናት ይህ እንቅስቃሴ በሦስተኛው ወር ላይ ከማሳሳብ ብቻ የተሻለ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል። ደረጃ ደግሞ በአዲስ አበባ አልጠፋም።

ጫማውም ይታይ። የሩጫ ጫማ ባጠቃላይ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ይባላል። በሳምንት 50 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ከ10 እስከ 16 ሳምንት መሆኑ ነው። ሰልባጅ ታጥቦ ሲቀርብ ከላይ አዲስ ይመስላል፤ የሶሉ ስፖንጅ ግን የስንት ኪሎ ሜትር ባለቤት እንደነበረ ማን ያውቃል? በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይመለስ ሶል፣ ወይም ሲጠመዝዙት እንደ ጨርቅ የሚዞር ጫማ ለእግር ጉዞም ይከብዳል።

«አንድ መርፌ ተወጋና ሩጥ» የሚለው ምክር ግን መጠንቀቅ ይፈልጋል። ተረከዝ ላይ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ደግሞ ማሰሪያው እንዲበጠስ ሊያጋልጥ ይችላል። ሕመሙ ጠፋ ብሎ በማግስቱ 15 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው የእሳት አደጋ ደወሉን አጥፍቶ የተኛ ሰው ነው። አጥንት ላይ አንድ ነጥብ ነክቶ የሚያስጮህ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ የሚያብጥ ወይም የሚያደነዝዝ ሕመም፣ ወይም ሩጫ ላይ «ጧ» ብሎ የጀመረ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ከወጌሻ እጅ በፊት ሐኪም ይየው።

አስፋልቱስ?

በመጨረሻ አንድ ነገር ከአትሌቶቹ ይወሰድ ከተባለ ጽናታቸው ብቻ ሳይሆን መሬት አመራረጣቸው ይወሰድ። ታላላቆቹ ሯጮች ሳምንቱን በእንጦጦ ጫካ፣ በሰንዳፋና በሱሉልታ ሣርና ኮረኮንች ይከፋፍሉታል፤ አስፋልት ላይ የሚወጡት ቀን ቆጥረው ነው። ቀላል በተባለው ቀን ደግሞ ከልብ ቀስ ብለው ይሮጣሉ። የከተማው ሯጭ በተቃራኒው በየቀኑ አስፋልት፣ በየቀኑ ፉክክር ነው። እውነት ነው፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። የሰፈር ሜዳው ሕንፃ ሲበቅልበት እግር የሚያርፍበት ለስላሳ መሬትም አብሮ ይሄዳል። ሜዳ ሲታጠር ኳስ ብቻ ነው የሚጠፋው ብሎ ዝም ያለ ደጋፊ የራሱም ተረከዝ እንደታጠረ ይወቀው።

ይህ ሕመም በጊዜ ከተያዘ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፤ አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ይገላገለዋል። «ያልፋል» እየተባለ ሲሮጥበት ግን ሳምንታቱ ወራት ይሆናሉ። አበው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። የቤካምን አጥንት በቁጥር ያወቀ ደጋፊ ነገ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ የመጀመሪያዋን እርምጃውን ያዳምጥ። ከወጋችው ለዚያ ቀን ቁጥሩን ራሱ ያንሳ። ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች በሚቀጥለው ጨዋታ ይሰለፋል።