አካውንቱ የግል ነው፤ በውስጡ ያለው ግን አማና ነው



የፌስቡክ አካውንታቸውን እስከ ወዲያኛው ለመሰረዝ የሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። የአንዱ ምክንያት ስድብና ጭቅጭቅ ነው፤ የሌላው ከዒባዳና ከቤተሰብ የተሰረቀ ሰዓት ነው፤ የሌላው ደግሞ «ስልኬ ቢያዝ ምን ይገኝብኛል?» የሚል ስጋት ነው። ሁሉም ሊከበር የሚገባው ምክንያት ነው። ፌስቡክ ላይ የመቆየት ግዴታ ያለበት ሰው የለም፤ የወጣውንም ወንድም «ፈሪ» ብሎ መዝለፍ ተገቢ አይደለም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው ሰላማዊ ጥያቄ ከመስጊድ መስጊድ የተዳረሰው በቃልና በወረቀት ብቻ ሳይሆን በግለሰቦች ስልክና ፌስቡክ ጭምር ነበር። የዚያን ጊዜ ፎቶ፣ ቪዲዮና መግለጫ ዛሬም በግል አካውንቶች ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። አንድ ወንድም ተበሳጭቶ በሌሊት የሚጫነው ቁልፍ የጀመዓውን ማስረጃ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

በቅድሚያ ዲአክቲቬት ማድረግና ዲሊት ማድረግ አንድ አለመሆናቸውን እንወቅ። ዲአክቲቬት የተደረገ አካውንት ከሰው ዓይን ይሰወራል እንጂ መረጃው ባለበት ይቆያል፤ ሜሴንጀሩም ሊሠራ ይችላል፤ ባለቤቱ ተመልሶ ሲገባ እንደነበረ ይከፈታል። ስለዚህ በዚህ ብቻ «ዘግቼዋለሁ» ብሎ የተረጋጋ ሰው ገና አልዘጋም። ዲሊት ሲደረግ ግን የ30 ቀን ጊዜ ይሰጣል፤ በእነዚህ ቀናት ገብቶ ስረዛውን ማስቆም ይቻላል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። መረጃው ከኩባንያው ማከማቻ እስኪጠረግ ደግሞ እስከ 90 ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ከመሰረዝ በፊት ልንወጣቸው የሚገቡ ሦስት አማናዎች አሉ።

አንደኛው ማስረጃው ነው። የአካውንቱን መረጃ በሙሉ ማውረድ የሚያስችል አማራጭ በሴቲንግ ውስጥ አለ። አውርዳችሁ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ አስቀምጡ፤ የጋራ የሆነውን ለሚታመን ሰው አስረክቡ። የሰዎች ፊት የሚታይበትን ፎቶ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም አትስጡ።

ሁለተኛው ኃላፊነቱ ነው። የመስጊድ፣ የመድረሳ ወይም የሰፈር ጀመዓ ፔጅ የሚያስተዳድረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ የእርሱ አካውንት ሲሰረዝ ፔጁም አብሮ ይሰረዛል። ቀድማችሁ ቢያንስ ሁለት የሚታመኑ ሰዎችን በአስተዳዳሪነት ጨምሩ።

ሦስተኛው ሰዎቹ ናቸው። በሳዑዲና በቤሩት የሚሠሩ እህቶቻችንን በሜሴንጀር ብቻ የምናገኝ ጥቂት አይደለንም። ስልክ ቁጥራቸውን ተቀበሉ፤ መሄዳችሁንም ንገሯቸው። ሳይነግር የጠፋ ሰው «ታስሮ ይሆን?» እያሰኘ ቤተሰብ ያስጨንቃል። በስማችሁ የሐሰት አካውንት ከፍቶ ገንዘብ የሚጠይቅ አጭበርባሪም መንገዱን እንዳያገኝ ይረዳል።

ስረዛ የማይሠራውንም እንወቅ። የላክነው መልእክት በተቀባዩ ዘንድ ይቆያል። ሌላ ሰው ያነሳው ስክሪንሾት፣ ወደ ቴሌግራም የተሻገረ ፎቶ ከእኛ አካውንት ጋር አይጠፋም። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። እናም በስጋት ብቻ የሚሰርዝ ሰው ያሰበውን ያህል ከለላ አያገኝም። ትልቁ ጥንቃቄ ከመጻፍ በፊት ያለው ነው፦ የወንድምን ፊት ሳያስፈቅዱ አለመለጠፍ፣ ያላረጋገጡትን ወሬ አለማስተላለፍ፣ በቁጣ ሰዓት እጅን መሰብሰብ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! የሚሄድም በሰላም ይሂድ፣ የሚቆይም በአደብ ይቆይ። አካውንቱን የሰረዘ ወንድም ከሶፉ አልወጣም፤ ጀመዓችን ከፌስቡክ በፊትም ነበር። የጋራ ታሪካችንና የሰዎች ምስጢር ግን በማንም ችኮላ ሊበተን አይገባም። በየመስጊዱ ያላችሁ ወጣቶች፣ ከመጪው ጁሙዓ በፊት የፔጃችሁ አስተዳዳሪዎች ስንት እንደሆኑ ተመልከቱ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ጨምሩ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!