«እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

ኸሪፉ ገብቶ መንገዱ ሁሉ የዋልካ ጭቃ ሆኗል። ምሽት ላይ የትም መሄጃ ስለሌለ ሰው በየደጁ ተሰብስቦ ቡናውን እየጠጣ ያወራል። ወሬውም ያው የምናውቀው ነው። የራሽኑ ነገር፣ የስም ዝርዝሩ ነገር፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሳው የሱዳን ጦርነት፣ ከአገር ቤት የተሰማው። ይህ ሁሉ መወራት ያለበት ነው። ለዛሬ ግን ከዚህ ወጣ ብለን ስለ አንድ ጨዋታ እናወጋችኋለን። ጨዋታ ስንል የልጆች ነገር መስሏችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። የምናወራው አርባውን ለተሻገርነው ለእኛ ነው።

ጨዋታው በፈረንጆቹ ስም «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። የምድር ቤት ዋሻና ዘንዶ እንደማለት ነው። እንደ ገበጣና እንደ ዳማ ጠጠር የሚበላበት አይደለም። አራት አምስት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አንዱ ተራኪ ይሆናል። የቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ስም ያወጡለታል፣ ሙያ ይሰጡታል። ተራኪው «መሽቷል። ከፊታችሁ የሞላ ወንዝ አለ። ማዶ እሳት ይታያል» ይልና ወደ አንዱ ዞሮ «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጨዋታው ሁሉ በዚህች ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

ተጠያቂው የመሰለውን ይመልሳል። የሚያደርገው ነገር መሳካቱ ካጠራጠረ ሉዶ ላይ እንደምናውቀው ዳይስ ይጣልበታል። እያንዳንዱ የታሪኩ ሰው ወረቀቱ ላይ ስድስት ነገሮች ተመዝግበውለታል፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ። በመጀመሪያው ደንብ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ዳይስ ይጣላል፤ ስለዚህ ትንሹ 3፣ ትልቁ 18 ይሆናል። ጉልበት የሌለው በማስተዋል ይክሳል፤ ዕውቀት የጎደለው ከባልንጀራው ይበደራል። እርስ በርስ መሸናነፍ የለም። ወይ አብረው ያልፋሉ፣ ወይ አብረው ይወድቃሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረታችንን በወረቀት ያሰፈሩት ይመስላል።

የተወለደበትን ወር ወላጆቻችን አይረሱትም። ጥር 1966 ዓ.ም. ነው። በነገሌ ቦረና የሠፈሩት ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ተማርረው ያመፁበት፣ የአብዮቱ ማዕበል መነሳት የጀመረበት ወር። በዚያው ወር በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ሌክ ጄኔቫ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ያዘጋጁት የመጀመሪያው ደንብ ታትሞ ወጣ። ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ካርቶን፣ ብዛቱ 1,000 ቅጂ፣ ዋጋው 10 ዶላር። ጋይጋክስ ያን ጊዜ 35 ዓመቱ ነበር፤ የልጆች አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የኢንሹራንስ ሥራውን አጥቶ ቤቱ ውስጥ ጫማ እየጠገነ ኑሮውን ይደጉም ነበር። ጨዋታውን ያበጁት ሥራ ፈት ወጣቶች ብቻ እንዳይመስሏችሁ ብለን ነው ይህን የምንነግራችሁ።

ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1824 በጀርመኖቹ ፕሩሲያ ራይስቪትስ የሚባል መኮንን፣ ካርታና ዳይስ ይዘው በአንድ ዳኛ ፊት የሚጫወቱትን የጦር ጨዋታ ለጦር መኮንኖች አቀረበ። እኛም አገር መኳንንቱ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። የእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያው ላይ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በየፊናቸው የሚንቀሳቀሱበት «ወረራ» የሚባል ወግ ነበረው። በእነዚህ ሁሉ ግን ተጫዋቹ የጦር አዛዥ ነው፤ ብዙውን ሠራዊት ከላይ ሆኖ ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የሚባል አሜሪካዊ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሰው ድርሻ ሰጠ። አርነሰን ያንን ይዞ በ1971 የራሱን ዓለም ፈጠረበት። ለውጡ ይህ ነው፤ ሠራዊት መንዳት ቀርቶ አንድ ሰው መሆን። ሁልጊዜ በሺህ ለምንቆጠር ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ ከባሕላችንም የራቀ አይደለም። ልጆቻችን ዕቃቃ ሲጫወቱ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ አንዱ እንግዳ ሆኖ አፈር ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅም የሚና ጨዋታ ለክፍል ትምህርት እንደሚጠቅም ይሰጣል። እንቆቅልሹማ ሁላችንም ያደግንበት ነው፤ መልሱን ያላወቀው «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ እሱም ጎንደርን ወይም አዲስ አበባን አንስቶ ይሰጣል። ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን ሕንቅሊተይ፣ ሱዳኖቹም ማታ ማታ የሚነገረው ሁጃ አላቸው። እዚህ የተወለዱ ልጆች «አገር ስጠኝ» ሲባሉ ገዳሪፍን ወይም ኻርቱምን ሲሰጡ አድምጣችኋል? ሌላ የሚሰጡት አገር ስም በአፋቸው ስላልገባ ነው። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ታዲያ ለጎልማሳ ምን ያደርግለታል? እኛ አምስት ሰዎች፣ ሁላችንም ከአርባ በላይ፣ በዚህ ኸሪፍ ሞክረነዋል። ተራኪያችን ውጭ አገር ካለ ወንድሙ በስልክ የተማረ ወጣት ነው። መጀመሪያ ያስቸገረው አጠራሩ ነበር። የጨዋታው ደንብ «ምን ታደርጋለህ?» ይላል፤ ልጁ ደግሞ አባቱን የሚያህለውን ሰው አንተ ማለት አልሆነለትም። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» አለ። እንዲህም ቀረ።

የከበደው ግን የኛ ነገር ነው። ተራኪው «የእርስዎ ሰው ማን ነው? ከየት ተነሳ? ለምን ተሰደደ?» ብሎ፣ ወዲያው ደንግጦ «ማለቴ፣ ለምን መንገድ ወጣ?» ሲል ሁላችንም ዝም አልን። ጥያቄው አዲስ አይደለማ። ከጠረጴዛ ማዶ ለተቀመጠ ሰው፣ በአስተርጓሚ፣ ስሙ ከስም ቀኑ ከቀን እንዳይጋጭ እየተጠነቀቅን ስንት ጊዜ መልሰነዋል። አንደኛችን ለፈጠረው ሰው የራሱን የትውልድ ዘመን ሰጠና «የቤተሰብ ብዛት ስድስት» ብሎ አስጻፈ። ሳቅን፤ ግን ሳቁ ከሆድ የወጣ አልነበረም። «ትክክለኛው መልስ የትኛው ነው?» እያልን ልጁን እንጠይቀው ነበር። «ትክክለኛ መልስ የለውም፣ የፈለጉትን ይሁኑ» ቢለን ማመን አቃተን።

መንገዱን የከፈተችልን ሻይ የምትሸጥ እህታችን ናት። ቀና ብላ «እኔ ነጋድራስ ነኝ፤ አርባ በቅሎ አለኝ» አለች። ማን ይከለክላታል? ከዚያ በኋላ አንዱ በቅሎ ነጂ፣ አንዱ አስተርጓሚ፣ አንዱ ደብተራ ሆነ፤ የቀረው ደግሞ ማንነቱን የማይናገር መንገደኛ ነኝ አለ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ነጋድራሷ እንሻገር አለች፣ በቅሎ ነጂው ሦስት ቀን እንጠብቅ አለ። ክርክሩ የሽማግሌ ሸንጎ እስኪመስል ድረስ ከረረ። በመጨረሻ እሷ ወሰነች፣ ዕጣው መጥፎ ወጣ፣ ከነሰም ጭነታቸው አራት በቅሎ ውኃ ወሰደባት። ማታውን ተበሳጭታ ሄደች። በሳምንቱ ስትመጣ ግን ገና ሳትቀመጥ «አሁን ገመድ ዘርግቼ ነው የማሻግረው» አለች።

እኛ የጨዋታውን ፋይዳ ያየነው እዚህ ላይ ነው። በሰፈር ኑሮ የሚደርስብን ጉዳት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ሌላ ሰው ወስኖ የደረሰብን ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት ሰውን ያደነዝዛል እንጂ አያስተምርም። ራስህ ወስነህ የከሰርከው ግን «በሚቀጥለውስ?» ያሰኛል። መወሰን እንደ ክንድ ነው፤ ካልሠሩበት ይሟሽሻል። አሥርና ሃያ ዓመት ተሰልፎ የኖረ ሰው አንድ ቀን መንገዱ ቢከፈትለት፣ አገር ቤት ቢመለስም ሦስተኛ አገር ቢሄድም፣ ያ ክንድ ያስፈልገዋል።

ልጀምር ለሚል ወጪ የለበትም። ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች በወተት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ ዕጣ ማውጣት ነው። የወጣውን መመለስ እንዳይረሳ። እኛ ደንቡን አቅልለን ቀላል ነገር ከሆነ 5፣ መካከለኛ ከሆነ 10፣ ከባድ ከሆነ 15ና ከዚያ በላይ ይውጣ ብለናል፤ ሰውዬው ለነገሩ ሙያ ካለው 2 ይጨመርለታል። እንግሊዝኛ ለሚያነብና ስልክ ላለው፣ ባለቤቱ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 መሠረታዊውን ደንብ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ፈቃድ ለቆታል።

ታሪኩንም ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። በ19ኛው መቶ ዓመት የሲራራ ነጋዴ ከጎንደር ተነስቶ ቡናና ሰም ጭኖ መተማ ገበያ ይወርድ ነበር። የጓንግ ወንዝ ከእኛ አገር ወርዶ እዚህ አትባራ ይባላል። ኬላው፣ ቀረጡ፣ ሽፍታው፣ ውኃ ጥሙ ሁሉ ለተራኪ የተዘጋጀ ነው። ልጆች ከጎን ሆነው ሲያዳምጡ ጎንደርን፣ ጭልጋን፣ መተማን በቅደም ተከተል ያውቃሉ። ያኔ «አገር ስጠኝ» ሲባሉ የሚሰጡት ያገኛሉ።

ሁለት ነገር እንድታስቡበት እናሳስባለን። አንደኛው የእምነት ጉዳይ ነው። አስማተኛና ዘንዶ አለበት ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ይኖራል። በአሜሪካም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨዋታውን ከጥንቆላና ከልጆች ሞት ጋር ያያያዙ ወላጆችና ሰባክያን ብዙ ጩኸት አሰምተው ነበር፤ ክሱ በማስረጃ አልጸናም። ቢሆንም አስማቱን አውጥቶ በነጋዴና በመንገደኛ ብቻ መጫወት ይቻላል። እኛም ያደረግነው እንዲሁ ነው፤ ምንም አልጎደለም።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር 2013 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግሮ ሐምዳይት ለገባ ሰው የሞላ ወንዝ ጨዋታ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በታሪኩ ውስጥ የማይገባውን ተነጋገሩ። ውጭ አገር የሚጫወቱት መሐል ላይ የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ሲነካው ያ ነገር ያለ ምክንያት፣ ያለ ጥያቄ ይታለፋል። እኛ ካርድ አላስፈለገንም፤ «ይቅር» የምትል ቃል በቅታናለች። ይቅር የተባለ ነገር ለምን አይባልም። ይህም ራሱ አንድ መብት ነው፤ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ያላገኘነው።

ጨዋታው ራሽን አይጨምርም፣ ፋይልም አያንቀሳቅስም። እንዲህ ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትስሙት። ሰሊጡ ደርሶ ሰው ወደ እርሻው ሲበተንም መቋረጡ አይቀርም። እስከዚያው ግን ከቡናው በኋላ አንድ ሰዓት፣ ቆርቆሮና ቁራጭ ወረቀት ይዛችሁ ሞክሩት። አፋር የሆነውን ሰው አትዝለሉት። መጀመሪያ ቢቸገርም ጠብቁት፣ ደግማችሁም ጠይቁት፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»