በሃይማኖት ስም ከውጭ አገር ስለሚነሣ ወንበዴና ስለ መንግሥት ተግባር

መንግሥት የቆመበት የመጀመሪያው ምክንያት ሰው በቤቱ በሰላም እንዲያድር፤ በመንገዱም ሄዶ በደኅና እንዲመለስ ነው። ጸጥታ በሌለበት አገር እርሻው፤ ንግዱ፤ ትምህርቱና ጸሎቱ ሁሉ ይታወካል። ስለዚህ ከውጭ አገር ተነሥቶ ደም የሚያፈስ የታጠቀ ጭፍራ በመጣ ጊዜ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ሊመለከት እንደማይገባው የተረዳ ነገር ነው። የሚያከራክረው መመለስ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ሳይሆን፤ በምን አኳኋን መመለስ ይገባል የሚለው ነው። በቍጣ የተደረገ መልስ የወንበዴውን ሥራ ለወንበዴው ሲሠራለት ብዙ ጊዜ ታይቷልና።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ጎረቤት በሶማሊያ አልሸባብ የሚባል ማኅበር አለ፤ የስሙም ትርጕም ወጣቶቹ ማለት ነው። ይህ ማኅበር በ2004 ዓ.ም. ከአልቃይዳ ጋራ አንድ መሆኑን በይፋ አስታውቋል። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በካምፓላ ከተማ ሰዎች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ ሲመለከቱ፤ ኢትዮጵያን ቪሌጅ በሚባል ምግብ ቤትና በአንድ የራግቢ ክበብ ቦምብ አፈንድቶ ከ70 የሚበልጡ ሰዎች ገደለ። መስከረም 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በናይሮቢ ዌስትጌት በተባለው የገበያ ሕንጻ 67 ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሞቱት 148 ሲሆኑ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በሞቃዲሾ ከተማ መንገድ ላይ በፈነዳው የጭነት መኪና ከ580 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ።

በሞቃዲሾ ያለቁት እነማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፤ ገበያተኞች፤ መንገደኞችና ተማሪዎች የሆኑ የሶማሊያ ሙስሊሞች እንደ ነበሩ ያገኛል። እንግዲህ ይህ ማኅበር ስለ እስልምና እዋጋለሁ ይላል እንጂ ከሁሉ ይልቅ ያስለቀሰው የሙስሊሙን እናት ነው። መንግሥት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው። ጠላቱ ስምና መሪ፤ መሣሪያና ገንዘብ ያለው ማኅበር ነው እንጂ አንድ ሃይማኖት ወይም አንድ ነገድ አይደለም። ይህን ለይቶ ያላወቀ መንግሥት ጥቂቱን ጠላት በገዛ እጁ ብዙ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ጦር ነው። በታኅሣሥ ወር 1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ጥያቄ ወሰን ተሻግሮ፤ የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት የሚባለውን ኃይል በጥቂት ቀኖች ውስጥ በተነው፤ ሞቃዲሾም ያለ ብዙ ውጊያ ተያዘች። የወታደሩ ጀግንነት የሚያጠራጥር አልነበረም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የኅብረቱ የታጠቀ ክንፍ የነበረው አልሸባብ፤ የውጭ አገር ጦር አገራችሁን ያዘ እያለ ወጣቱን ለመሰብሰብ ምክንያት አገኘ። ሠራዊቱ በጥር ወር 2001 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ የሶማሊያ ደቡብ አብዛኛው ክፍል በዚህ ማኅበር እጅ ገባ። ጦር ምሽግ ይሰብራል፤ በተሰበረው ምሽግ ስፍራ ዳኛ፤ አስተማሪና ሐኪም ማቆም ግን የጦር ሥራ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ኋላ የተያዘው መንገድ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የአፍሪቃ ኅብረት በ1999 ዓ.ም. ያቋቋመው ሠራዊት በዩጋንዳና በቡሩንዲ ወታደሮች ጀምሮ፤ የብዙ መንግሥታት ጦር በአንድ ሕግና በአንድ ዓላማ የቆመበት ሆነ። አልሸባብ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ዓ.ም. ሞቃዲሾን ለቅቆ ወጣ። የኢትዮጵያ ጦርም በጥር ወር 2006 ዓ.ም. በዚሁ ሥር ገባ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፤ ብቻውን ወሰን የሚሻገር መንግሥት ወራሪ ሲባል፤ በኅብረት የሚመጣው ግን ረዳት ለመባል ይችላል። ሆኖም ይህ ሠራዊት ስሙ በ2014 እና በ2017 ዓ.ም. ተለዋውጦ እስከዚያ ድረስ መቆየቱ፤ የባለቤቱ አገር የራሱን ጦርና አስተዳደር እስኪያጸና ድረስ የጎረቤት እርዳታ መጨረሻ እንደማያገኝ ያሳያል።

ሦስተኛውና ሹማምንት ሁሉ በልባቸው ሊያኖሩት የሚገባው ነገር ስለ ፍርድ ነው። አልሸባብ በጠመንጃ ብቻ የሚኖር ማኅበር አይደለም። በየመንገዱ ኬላ አቁሞ ቀረጥ ይቀበላል፤ በዋና ከተማው ያሉ ነጋዴዎች እንኳ ሳይወዱ ይከፍሉታል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2004 ዓ.ም. የሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ የከለከለው፤ ከዚያ ንግድ ለዚህ ማኅበር ገንዘብ ይገባ ስለ ነበር ነው። ከዚህም የሚያሳዝነው፤ ስለ መሬት የተጣሉ ሰዎች መንግሥት ከሚገዛው ከተማ ወጥተው ወደ ወንበዴው ዳኛ መሄዳቸው ነው። የሚሄዱትም ጭካኔውን ወደው ሳይሆን፤ በመንግሥት ፍርድ ቤት ነገራቸው እየዘገየና ጉቦ እየተጠየቁ ስለ ተቸገሩ ነው። እንግዲህ ባለጕዳይን ነገ ተመለስ እያለ የሚያመላልስ ጸሐፊ፤ ለፍርዱም ዋጋ የሚያወጣ ዳኛ፤ በወንበዴው መዝገብ ስሙ ባይጻፍም ለወንበዴው ያገለግላል። በቀበሌና በወረዳ በየቀኑ የሚሰጥ ቅን ፍርድ፤ በወሰን ላይ ከሚቆም ጦር የማያንስ ጥበቃ ነው።

አራተኛው ነገር በገዛ አገር ውስጥ ስላሉ ሰዎች ነው። የኬንያ መንግሥት በ2006 ዓ.ም. በናይሮቢ ኢስትሌ በተባለው ሰፈር በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎችን፤ አብዛኞቹን ሶማሌዎች ስለ ሆኑ ብቻ፤ ይዞ በካሳራኒ ስታዲየም አጐራቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ያለ ክስ ተለቀቁ። ይህ ሁሉ እስራት በማግሥቱ ዓመት በጋሪሳ የሆነውን እልቂት አላስቀረም። በአንጻሩም ታኅሣሥ 11 ቀን 2008 ዓ.ም. በማንዴራ አጠገብ ወንበዴዎች አንድ አውቶቡስ አቁመው፤ ክርስቲያኖቹ ተለይተው ይውጡ ባሉ ጊዜ፤ ሙስሊሞቹ መንገደኞች አንለያይም፤ ከገደላችሁ ሁላችንንም ግደሉ ብለው እንቢ አሉ። ክርስቲያኖቹን ሴቶች መጐናጸፊያ አለበሷቸው። ከነዚያ ሙስሊሞች አንዱ መምህር ቈስሎ በኋላ ሞተ፤ መንግሥቱም ከሞተ በኋላ በኒሻን አከበረው። በስታዲየም ያልተገኘው ጸጥታ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ተገኘ።

ይህ ለኢትዮጵያም ባዕድ ነገር አይደለም። በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. አልሸባብ ወሰን ጥሶ ወደ ሶማሌ ክልል በገባ ጊዜ፤ አስቀድመው ደረታቸውን ሰጥተው የመለሱት የክልሉ ተወላጆች ናቸው፤ እነርሱም ሙስሊሞች ናቸው። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በሊቢያ እንጀራ ፍለጋ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች መገደላቸው በተሰማ ጊዜም፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ሲታወጅ ልቅሶው የአንድ ሃይማኖት ብቻ አልሆነም። የመጀመሪያዎቹ የእስልምና ስደተኞች በአክሱም ንጉሥ ጥላ ሥር ያረፉባት አገር፤ ጎረቤቱን በሃይማኖቱ ምክንያት በጥርጣሬ የሚያይ ሰው ቢነሣባት የገዛ ታሪኳን እንደ ካደ ይቈጠራል።

በመጨረሻም ስለ ምሕረት በር መናገር ያስፈልጋል። ሸሪፍ ሼክ አሕመድ የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት መሪ ነበሩ፤ በጅቡቲ ከተደረገው ስምምነት በኋላ በጥር ወር 2001 ዓ.ም. የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከአልሸባብ ታላላቅ አለቆች አንዱ የነበረው ሙክታር ሮቦውም በነሐሴ ወር 2009 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ገባ። ነገር ግን ለክልል ምርጫ በተወዳደረ ጊዜ በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. ታሰረ፤ በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሃይማኖት ጕዳይ ሚኒስትር ተብሎ ተሾመ። አንድ ጊዜ የሚከፈት፤ አንድ ጊዜ የሚዘጋ በር በጫካ ያለውን ሰው ያስፈራዋል እንጂ አያስገባውም። ንጹሕ ደም ያፈሰሰ በሕግ መጠየቅ ይገባዋል፤ ተታሎ ወይም ተገዶ የሄደው ወጣት ግን የተቈረጠና የማይለወጥ የመመለሻ ሕግ ያስፈልገዋል። ምሕረትም በውል ካልተጻፈ የሹሙ ጠባይ ይሆናል።

እንግዲህ የመንግሥት ተግባር በአጭሩ ይህ ነው። ወሰንን በንቃት መጠበቅ፤ ጦርን በሕግ፤ በኅብረትና በተወሰነ ዓላማ ማዝመት፤ የወንበዴውን የገንዘብ ምንጭ ማድረቅ፤ ፍርድን ያለ ጉቦና ያለ መዘግየት መስጠት፤ ንጹሑን ከበደለኛው መለየት፤ የሚመለሰውንም በታመነ ቃል መቀበል ነው። ከዚህ ሁሉ ጦር የሚሠራው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረው በሹማምንት ጠረጴዛና በዳኞች ወንበር ላይ የተጣለ ነው። ካህናትና የእስልምና ሊቃውንትም ድርሻቸው ቀላል አይደለም፤ በሐዘን ጊዜ ምእመናን አስቀድመው የሚሰሙት የእነርሱን ቃል ነውና። ክፉ ወሬ በተሰማበት ዕለት በዐውደ ምሕረትና በመስጊድ የሚነገረው ቃል የሚያረጋጋ የሆነ እንደ ሆነ፤ ወንበዴው ያሰበውን ጠብ ሳያገኝ ይቀራል።