ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ቁልፉስ?

«የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ብሎ ደጅ ለሚቆም መንገደኛ ያገራችን ሰው መልስ አንድ ነበር፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ!» ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚለው ጥያቄ እግሩ ከታጠበ፣ እራቱ ከቀረበ በኋላ የሚከተል ነው። ዛሬም ይህንኑ እየጠቀስን «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን» እንላለን። ማለቱንስ ማን ይከለክለናል! ግን እስቲ መሽቶበት ሳይሆን መሬት ተንዶበት ደጅ ለቆመው እንግዳ ምን እንዳልነው ራሳችንን እንጠይቅ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን አንረሳውም። በከባድ ዝናብ የራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ፣ ያጣውም በባዶ እጁ ሊቆፍር ሮጠ። ተራራው ዳግመኛ ተናደና ሊያወጡ የመጡትን ከሚወጡት ጋር ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እነዚያ ጎረቤቶች ኮሚቴ አላቋቋሙም፤ ፎቶግራፍም አልተነሡም። የተረፋቸውን ሳይሆን ራሳቸውን ሰጡ።

እኛ የከተማ ሰዎችስ? የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ አዘንን። ከደመወዙ ቆርሶ የሰጠም አለ፤ እግዜር ይስጠው። ብዙዎቻችን ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ የምንሰጠውን እናውቀዋለን፦ የጠበበንን ሱሪ፣ ተረከዙ የተነቀለ ጫማ፣ አዝራሩ የረገፈ ኮት። ለመሆኑ ይህ እርዳታ ነው ወይስ ቁም ሣጥን ማጽዳት? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የእኛ እንባ ግን በሦስተኛው ቀን ይደርቃል። የተፈናቃዩ ኑሮ የሚጀምረው ደግሞ በአራተኛው ቀን ነው!

የጠፋው ልብስ አይደለም፤ ቤት ነው። ለገበሬ ቤት ማለት ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ የጓሮው እንሰት፣ የሚያርሰው ማሳ፣ ላሚቱ የምትታሰርበት ጥግ፣ ቡና የሚጠራራው ጎረቤት ጭምር ነው። ድንኳን ይህን አይተካም። ድንኳን ለሠርግና ለለቅሶ የሚተከል ነው፤ ሁለቱም ያልፋሉ።

«ይህማ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ መሬቱን መስጠት የመንግሥት ድርሻ ነው። ነገር ግን ለመንግሥት ብቻ ሲተው ምን እንደሚመስል በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. አይተነዋል። ደርግ 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ከድርቅ አካባቢ አንሥቶ በደቡብና በምዕራብ ሲያሰፍር ብዙውን ፈቃዱን ሳይጠይቅ ጭኖታል፤ ቤተሰብ ተለያይቷል፤ በመንገድና በሰፈራው በበሽታ የረገፈው ብዙ ነው። እንግዲያው ቤት የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ባለቤቱን ይጠይቅ፦ የት? ከማን ጎን? ምን እያረስክ?

ሌላም የምናልፈው ነገር አለ። በአገራችን ተፈናቃይን በብዛት የሚያስጠጋው ባለሀብቱ አይደለም፤ ራሱ የቸገረው ዘመድና ጎረቤት ነው። አንዲቷን ጎጆ ለሁለት ቤተሰብ ይከፍላል፤ ለራሱ የማይበቃውን እህል ያካፍላል። እርዳታ ሲታደል ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ድንኳን ውስጥ ያለው ነው፤ አስጠጊውን «አንተስ ምን ጎደለህ?» የሚለው የለም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ ዕድሮቻችን ይነሡ! «ዕድር ለሞተ ሰው ነው» የሚል ካለ ያለፈውን ያስታውስ። ኤድስ ቤት ለቤት በገባበት ዘመን ስንት ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ደግፈዋል! ዛሬስ አንድ ዕድር የአንድ ቤት ማገርና ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የአናጢ ዋጋ መቻል ያቅተዋል? ቤቱ እስኪቆም ድረስ ለአስጠጊው ቤተሰብ እህል መስፈር ያቅተዋል? ቀባሪ ብቻ ሆነን መቅረት የለብንም።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የፈንታሌ ምድር ሲንቀጠቀጥ እዚህ አዲስ አበባም የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በሌሊት እየሮጥን የወረድን አለን። እዚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ፤ እኛ ሕንጻውን አንጋጠን አይተን ተመልሰን ገባን። በእነዚያ ደቂቃዎች «ይህ ቤት ቢፈርስ የማን ደጅ እቆማለሁ?» ብሎ ያላሰበ ማን አለ? ያን ጊዜ ልንሰማው የተመኘነውን መልስ ዛሬ ለሌላው እንበል። ቤቱስ የእግዚአብሔር ነው። ቁልፉ ግን በእኛ ኪስ ነው።