ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስምንት

«ፋሲካችሁ ዘንድሮ መቼ ነው?» ይላል አለቃው። በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ በአውሮራ ሆስፒታሎች የሚሠራ አበሻ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ ዓመት አያልፈውም። ፈቃድ ከወራት በፊት ይጠየቃል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ደግሞ የፈረንጁን ፋሲካ እንጂ የእኛን አይነግረውም። ስለዚህ አገር ቤት ይደውላል። ልጆቹ «ማን ነው የሚወስነው?» ሲሉትም «ቄሶቹ ያውቁታል» ብሎ ያልፋል። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ነገሩ ምሥጢር ሳይሆን ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚማሩት ማካፈል ነውና።

የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ለ2018 ዓ.ም. 5500 ሲደመርለት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ 2 ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 3 ይተርፋል፤ ከማክሰኞ አንድ ብሎ ሲቆጠር ሐሙስ። የ2018 እንቁጣጣሽም ሐሙስ ዋለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 365 ቀን 52 ሳምንት ከ1 ቀን ስለሆነ አዲስ ዓመት በየዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ቁጥር ደግሞ አንድ ይጨመራል። 1879 የእነዚያ ጳጉሜኖች ቁጥር ነው።

ፋሲካ ግን ጨረቃም ያስፈልገዋል። 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ይገጥማል፤ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት አይሞላም። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12፣ ይህ ወንበር ነው። የፀሐይ ዓመት ጨረቃን በ11 ቀን ስለሚበልጥ 12 በ11 ይባዛል፤ 132 በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ነው። ከ30 የጎደለው 18 መጥቅዕ ይባላል። ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነበር፣ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፣ 25። ነነዌ ጥር 25 ገባች፤ ከ69 ቀን በኋላ ሚያዝያ 4 ፋሲካ። በፈረንጅ ኤፕሪል 12 ቀን 2026።

4፣ 7 እና 19 ሲባዙ 532 ይሆናሉ፤ በዚህ ዙር ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ በ1486 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነበር። በ2550ም እንዲሁ ነው።

ትውፊቱ ቀመሩን ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ይሰጣል። በስደት ሚኒሶታ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» የሚል መጽሐፍ ጽፈውበታል። የሚያነበው ይኑር እንጂ!

የ2019 ቁጥር 7519 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት ይውላል፣ ነነዌም በየካቲት ትገባለች፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ ተውሳኩ 8። የቀረውን ልጆቹ በእርሳስ ይሥሩት። ሚያዝያ 24 ካልመጣላቸው ከመካከል አንድ ቦታ ተሳስተዋል። በፈረንጅ ሜይ 2 ቀን 2027 ነው፤ ከአሜሪካኖቹ ፋሲካ አምስት ሳምንት ይርቃልና አለቃውም ቀደም ብሎ ቢነገረው ይሻላል።