ታና እና ጣና



ከሌላ አገር ልጆች ጋር የምትማሩ ሁሉ «ቋንቋችሁ ጠቅ ጠቅ ይላል» ተብላችሁ ይሆናል። ይህን ፌዝ ፈርቶ «ጠበቃ» ማለትን ትቶ «ተበካ» የሚል ልጅም አይጠፋም። አንዳንድ ወላጅ «እንግሊዝኛው ይቅናው እንጂ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ማለፍ አይገባንም እላለሁ።

በመጀመሪያ፣ የእኛ ድምፆች «ክሊክ» የሚባሉት የምላስ ጠቅታዎች አይደሉም። ትንፋሻችሁን ያዙና ጥ፣ ቅ፣ ጭ በሉ፤ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ት እና ክ ግን እንዲያ አይወጡም። ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵ፣ ጽ ጉሮሮ ተዘግቶ፣ አፍ ውስጥ የቀረው አየር ወደ ውጭ ፈንድቶ ሲወጣ የሚፈጠሩ ናቸው። በጠቅታ ጊዜ ግን ምላስ ከፊትና ከኋላ ይዘጋና ሲላቀቅ አየሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። እኛም ስናዝን ከንፈር መምጠጥ የምንለው ከዚሁ ወገን ነው፤ ነገር ግን በቃላችን ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ጠቅታ ራሱ ምን ነውር አለበት? በ1963 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ የዘፈነችው ሚርያም ማኬባ በዓለም የታወቀችው በጠቅታ በተሞላ የቆሳ ዘፈን ጭምር ነው። ቆሳና ዙሉ ጠቅታቸውን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ፦ በጥርስ የሚወጣውን በሲ፣ ከጥርስ ኋላ ካለው ላንቃ የሚወጣውን በኪው፣ በጉንጭ በኩል የሚወጣውን በኤክስ። በ1886 እ.ኤ.አ. ፓሪስ የተመሠረተው የፎነቲክስ ማኅበር ደግሞ ከ1989 ጀምሮ የጥርሱን በአንድ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ የጉንጩን በሁለት ዘንግ፣ የላንቃውን በቃለ አጋኖ ምልክት ይጽፋል። ለእኛዎቹ ለነጥና ቅ የተመደበው ከፊደሉ ቀጥሎ ከላይ የምትደረግ ትንሽ ጭረት ናት።

ከኬንያም ሳንወጣ ምሳሌ አለን። በላሙና በታና ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት ዳሃሎዎች ቋንቋቸው እንደ ኦሮምኛና ሶማልኛ ኩሻዊ ነው። በጥቂት ቃሎቻቸው ጠቅታ አለ፤ እንደ እኛም ፈንጂ ድምፆች አሏቸው። የቀሩት ተናጋሪዎች ግን ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው፤ ልጆቻቸው ወደ ስዋሂሊ እየዞሩ ነውና። ቋንቋ በአንድ ቀን አይሞትም፤ ልጅ ሲያፍርበትና ወላጅ ዝም ሲል ነው የሚሞተው።

አሁን ወደ ራሳችን ወረቀት እንምጣ። እዚህ ጊጊሪ ጽሕፈት ቤት ያለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 6 ይፋ ቋንቋዎች አሉት፤ አንዱም በፊደላችን አይጻፍም። ስለዚህ ስማችንና ቃላችን በላቲን ይሰፍራል። የኬንያው ታና ወንዝና የእኛው ጣና ሐይቅ በእንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። «ፖሊሱ መጣ» እና «ፖሊሱ መታ» የሚሉትም እንዲሁ። ቃሉን የሚሰጥ ሰው ጥን ከት ካልለየ፣ የሚተረጉመው ምን ያድርግ? በአንዲት ድምፅ ላይ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ሊንጠለጠል ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁ ስም መጀመሪያ በተመዘገበበት የላቲን አጻጻፍ ጽኑ። ቅን አንዴ በኬ፣ አንዴ በኪው እያደረጋችሁ አትለዋውጡ፤ አባትና ልጅ በወረቀት ሁለት ቤተሰብ እንዳይመስሉ። ስሕተት ካለም ራሳችሁ ከመደለዝ ይልቅ በጽሑፍ እንዲታረም ጠይቁ። በደብተሩ ሽፋን ላይ ግን ስሙን በፊደል አስጽፉት።

ተማሪዎች ሆይ፣ አማርኛ ጨ ባስፈለገው ጊዜ በጠ ራስ ላይ ጨምረው አዲስ ፊደል የሠሩለት አባቶች ድምፁን አላፈሩበትም። እንግሊዝኛውንም ስዋሂሊውንም በርትታችሁ ተማሩ፤ አንዱን ለመማር ሌላውን መጣል አያስፈልግም። የሚስቅባችሁ ጓደኛ ካለ ትንፋሹን ይዞ «ጥ» እንዲል ጠይቁት። ሞክሮ ሲያቅተው አትሳቁበት፤ አስተምሩት።

ከበጎ ፈቃድ መምህራችሁ
ጊጊሪ፣ ናይሮቢ