ሲኒማ መግባት ኃጢአት ነው ወይ?

ዛሬ ወጣት ባለትዳሮች ደጋግመው የሚጠይቁንን ጥያቄ እናነሣለን፦ «ክርስቲያን ባልና ሚስት ሲኒማ ቢገቡ ኃጢአት ነው ወይ?»

ጥያቄው የቆየ ነው። ሲኒማ አዲስ አበባ እንደገባ ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። እኛም ወንጌላውያን ለብዙ ዘመን ከዚያ ስም እምብዛም አልራቅንም። ይሁን እንጂ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣውና የሉቃስን ወንጌል የሚከተለው «ኢየሱስ» የተሰኘው ፊልም ወደ አማርኛም ተተርጉሞ፣ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮ ለሕዝብ ታይቷል። እንግዲህ ጨርቁ ርኩስ አይደለም። ጥንቃቄ የሚያሻው በላዩ ለሚታየው ነው፤ ለዚህም ፊልጵስዩስ 4፥8 ጥሩ ወንፊት ሰጥቶናል።

ነገር ግን እምብዛም የማንጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ስናይ ከአጠገባችን ማን አለ?

እኛ ባለንበት በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ የደቡብ ወሎ ደጋ ከተሞች፣ በ1990ዎቹ ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። ጠባብ ክፍል፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን። የሚገባው በአብዛኛው ወንድ ነበር። ባል የሕንድ ፊልም አይቶ፣ አልቅሶ ሲመለስ ሚስት እራቱን ከድና ትጠብቀዋለች፤ ዓይኑ ለምን እንደቀላ ግን አታውቅም።

አብሮ መግባት ደስታው እዚህ ላይ ነው። ወንድሜ፣ ሚስትህ በምን እንደምትስቅ፣ የቱ ጋ ስትደርስ እጅህን እንደምትይዝ ታያለህ። ምሬትም አለው፦ ዘግይቶ ገብቶ እግር እየረገጠ የሚያልፍ፣ ስልኩ የሚጮህ፣ ሱፍ የሚቆረጥም፣ ፊልሙን አስቀድሞ አይቶ «አሁን ይሞታል!» የሚል። ልብ ተሰቅሎ ሳለ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ይህ ሁሉ ሰው ከሰው ጋር ሲቀመጥ የሚከፍለው ዋጋ ነው። ትዳርም እንዲሁ ነው፤ አብሮን የሚኖር ሰው ያንኮራፋል፣ ወሬያችንንም አስቀድሞ ይጨርስብናል።

ስልክ ከዚህ ሁሉ ገላግሎናል። የሚረብሽ የለም፤ የሚያየንም የለም። አደጋውም ይኸው ነው። ባል ጋቢውን ተከናንቦ የራሱን ያያል፤ ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የራሷን ታያለች። በአዳራሽ ውስጥ ከጎናችን ያለውን ሰው እናፍራለን፤ በጋቢ ውስጥ ማንን እናፍራለን? ለርኩስ ነገር በር የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ይህ ብቸኝነት ነው። ፊልሙ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ ለየብቻ የሳቁ ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ላይ እንግዶች ይሆናሉ።

ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለፊልም ብቻ አይኬድም። ለጉዳይ ከተማ ስትወጡ ግን መልካም ፊልም መርጣችሁ አብራችሁ ግቡ። እቤትም ይቻላል። ልጆች ከተኙ በኋላ አንዱን ስልክ ከስኳር ዕቃው ላይ አስደግፉ፤ አንድ ጋቢ ለሁለት ልበሱ። ፊልሙን በየተራ ምረጡ። በእሷ ተራ ማዛጋት፣ በእሱ ተራ ማጉረምረም አይፈቀድም፤ ፊልጵስዩስ 2፥4 እዚህም ይሠራል።

በማግስቱ ቡና ሲፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ስለ ፊልሙ ተጨዋወቱ። «አንተ ብትሆን ይቅር ትላት ነበር?» ብለሽ ጠይቂው፣ እህቴ። በራስ ስም ለዓመታት ያልተነገረ ነገር፣ በሌላ ሰው ታሪክ ተጠግቶ ይወጣል።

ለትዳር ጓደኛችሁ ለማሳየት የምታፍሩበትን ግን ብቻችሁንም አትዩት። ጌታ ቤታችሁን በሳቅና በሰላም ይሙላው። ተባረኩ።